ከሻይ ወረቀት የተጠረዘው መጽሐፍ

እንቅልፍ ዛሬም እንቢ አለው። ሌሊቱን ሙሉ የጥጥ መጋዘን በር ላይ ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት ከገመድ አልጋው ላይ ሲጋደም ድብን ብሎ መተኛት ነበረበት፤ መንግሥቴ ግን ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ጣራ ጣራውን ያያል። ቆርቆሮው ይግላል፣ ይንጣጣል። ካርቱም ናት፤ ጥላዋ እንኳ ይፋጃል። ስንት ሰዓት ይሆን? ከመስጊዱ የቀትሩ አዛን ከተሰማ ቆይቷል፤ ስድስት ሰዓት አልፏል ማለት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎቶ አንሺው ይመጣል። አስር ሰዓት ላይ ደግሞ ፖስታ ቤቱ ከወረታ ጋር በስልክ ሊያገናኘው ቀጠሮ አለው። እስከዚያ ድረስ መቁረጥ አለበት፤ ሄዶ መኪናውን ይቀበል ወይስ ይተወው? መኪና ሲል የልብስ ስፌት መኪና ነው፣ በእጅ የሚዞር። ነገሩ ሁሉ ያለው በእጅ መዞሩ ላይ ነው፤ በእግር የሚረገጥ ቢሆንማ ለይርገዱ ምን ይፈይድላታል?

ይርገዱ ታናሽ እህቱ ናት። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች አይታዘዝላትም። የሰበራት በሬ ነው ይላል አገሩ፤ መንግሥቴ ግን ማን እንደሰበራት ያውቃል። ያን ክረምት የርብ ወንዝ ገንፍሎ የፎገራን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ሲያለብሰው፣ ከብቱን ወደ ጉብታው መንዳት የእሱ ተራ ነበር። እሱ የት ነው? ወረታ መንገድ ዳር ቆሞ ጎንደር የሚያደርሰውን የጭነት መኪና ይጠብቃል። ከሹፌሩ ጋር ከተነጋገረ ሳምንት ሆኖታል፤ ለእናቱ አልነገረም፣ ለይርገዱም አልነገረም፤ ውሃው እስከ ነገ ይታገሣል፣ ነገ ሰው አይጠፋም ብሎ ራሱን ደልሏል። ውሃው አልታገሠም። ከብቱን የነዳችው ይርገዱ ናት፣ ውሃው ወገቧ ደርሶ፣ እግሯ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፤ አንዱ በሬ ደንብሮ ጣላትና በላይዋ ሄደባት። ይህን የሰማው ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ መተማን ተሻግሮ ገዳሪፍ ማሽላ ሲቆርጥ። ያረዳው የይፋጉ ነጋዴ አቶ ማረው ነበር። "እግዜር ይመስገን፣ ነፍሷ ተርፋለች" አለው፤ መንግሥቴም "እግዜር ይመስገን" ብሎ ማጭዱን አነሳ። ተመልሶ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም፤ ይባስ ብሎ ካርቱም ድረስ ገባ። አምስት ዓመት ሆነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ "ደህና ነኝ፣ ከሐሳብ በቀር" እያለ ይጽፋል፤ እሷም "ደህና ነኝ፣ ከናፍቆትህ በቀር" እያለች ታስጽፋለች፤ ስለ እግሯ አንድም ቀን አላነሳችበትም። ብታነሳበት በስንት ጣዕሙ!

ማስታወቂያውን ያየው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። የሰጎን ሻይ ነው፣ ያ በመተማ በኩል ይፋግ ገበያ ድረስ የሚወርደው። ከሰጎኗ አጠገብ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ትሰፋለች፤ በቀኝ እጇ መዘውሩን ጨብጣለች። መንግሥቴ ብርጭቆውን እንደያዘ ያንን መዘውር ሲያይ ሻዩ ቀዘቀዘ። ዓረብኛ ይናገራል እንጂ አያነብም፤ ስለዚህ አስነበበ። መጀመሪያ ባለ ሻይ ቤቱን፣ ቀጥሎ አንድ መንገደኛ ተማሪን፣ በመጨረሻም የደብረ ታቦሩን አዛናውን፣ አብሮት መጋዘን የሚጠብቀውንና አንድ ክፍል የሚጋራውን። ሦስቱም ያነበቡለት አንድ ነው፦ የሰጎን ሻይ መጠቅለያ ወረቀት ስድስት መቶ ያመጣ ሰው፣ እስከ ዒድ ዋዜማ ድረስ፣ በእጅ የሚዞር የልብስ ስፌት መኪና ከኩባንያው ይወስዳል።

"ሌላ ነገር የለበትም?" አለው አዛናውን።

"ምን ሌላ ነገር?"

"እንዲህ ከሆነ፣ እንዲያ ካልሆነ የሚል።"

አዛናው ከት ብሎ ሳቀበት። "አንተ ደግሞ ጠርጣራ ነህ! ይኼ እኮ ትልቅ ኩባንያ ነው። የማይሰጠውን ምን ሊያደርግ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል?"

መንግሥቴም አመነ። ማመን ፈልጎ ስለነበር ብዙ አላስቸገረም። ለቤቱ ጻፈ፤ ደብዳቤው በአቶ ማረው እጅ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ከቤት በመጣ ደብዳቤ ሰማ። የሰፈሩ ሰው ሻይ የሚጠጣ አልነበረም። ሻይ ምን ያደርግለታል? ግን ለይርገዱ ነው ተባለ። እናቱ እናኑ ከማኅበርተኞቿ ጋር ተመካከሩ፤ ጠላ ይጠመቅበት የነበረው ድግስ ላይ ሻይ ተፈላ፤ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን እያጨማደዱ ጠጡት፤ ወረቀቱ ግን አንዷም ሳትቀር እየተላጠች ለእናኑ ተሰጠች። ይርገዱም በበኩሏ ወረታ ወርዳ ከአንድ ባለ ሱቅ ጋር ተነጋገረች፤ ሰውየው በረንዳውን እስከ ፋሲካ ሊያቆይላት ቃል ገባ፤ መኪናዋ ከመጣ እዚያ ተቀምጣ ትሰፋለች፣ ካልመጣ ለሌላ ሰፊ ይሰጠዋል። ካልመጣማ ምን አላት? መፍጨት አትችል፣ ውሃ መቅዳት አትችል፣ ሚስት አድርጎ የሚወስዳት የለ፤ እናቷ ስታልፍ በማን ቤት ጥግ ልትቀመጥ ነው? አሁን ዐቢይ ጾም ነው። ፋሲካ ወር አይሞላውም።

ከሦስት ሳምንት በፊት አቶ ማረው መጣ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። መንግሥቴ ሲፈታው መጽሐፍ ሆነ። ኧረ እንዴት ያለ መጽሐፍ! የዋንዛ ገበታ፣ ቀይ ቆዳ፣ በጅማት የተሰፋ ጀርባ፤ ሲከፈት ግን ዳዊት አይደለም፣ ሰጎን ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ ሰጎን፣ አራት መቶ ሰጎን። የኔታ ገብረ ኪዳን የእናቱ ወንድም ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ ጽፈው፣ ጠርዘው ያረጁ ሰው። የደብዳቤያቸውን ቃል መንግሥቴ በቃሉ ያውቀዋል፤ ጣራው ላይ ተጽፎ የሚያየው ይመስለዋል። "ልጄ መንግሥቴ፤ ልቅ ወረቀት መንገድ ላይ ይበተናል፣ የሚቆጥረውም ሰው ይስትበታል ብዬ ጠረዝሁልህ። በየወረቀቱ ጀርባ የሰጪውን ስመ ክርስትና ጽፌበታለሁ፣ የሰጠ ሰው እንዳይረሳ። መኪናው ሲመጣ እኅትህ ለእያንዳንዱ ሰጪ አንድ አንድ ልብስ ያለ ዋጋ ልትሰፋ ተስማምተናል።" ያን ዕለት መንግሥቴ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እሱ ራሱ ከየሻይ ቤቱ የለቀመው ሁለት መቶ ወረቀት በከረጢት ተጠቅጥቆ ነበር፤ አፈረበት። ወዲያው ኩባንያው ቢሮ ሮጠ።

ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ጸጉሩን በቅባት ያሳመረ። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገና ፈገግ አለ። "ጥሩ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ና።" በሚቀጥለው ሳምንት መኪናው አልቋል፣ ሌላ ከወደብ እየመጣ ነው። መንግሥቴ ግን በጓሮው በር አሻግሮ አይቷል፣ ሳጥኖቹ እስከ ጣራ ተደርድረዋል። ሦስተኛ ጊዜ ትናንት ሄደ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ከረጢት ይዟል፤ ይጮኻል። ከማስታወቂያው ጎን አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሙጫው ገና አልደረቀም። ምን ይላል ብሎ ከፊቱ የቆመችውን ሴት ጠየቃት። ሐጃ ዘይነብ ትባላለች፤ ኦቾሎኒ ቆልታ የምትሸጥ ናት፣ ባሏ ለሞተባት ልጇ ነው የምትሰበስበው።

"የተቀደደ፣ የተበሳ፣ የተጻፈበት፣ ቅባት የነካው አንቀበልም ይላል" አለችው። "የኔን ዘይት ነክቶታል አሉኝ። ኦቾሎኒ ሻጭ ነኝ፣ ምን ሊነካው ነበር? ሽቶ?"

የተበሳ። የተጻፈበት። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጸሐፊው መጽሐፉን ከፍ አድርጎ በጅማቱ በኩል በጣቱ እየነካካ "ይህ ሁሉ ተበስቷል፣ ጀርባውም ተጽፎበታል። ሁለት መቶዋ ብቻ ደህና ናት። በሷ ሰጎን ያለበት ሳህን እንሰጥሃለን" አለው።

"ይህ ወረቀት ባለፈው ስመጣ አልነበረም!"

"ዛሬ አለ።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታመላልሰኝ ቀዳዳው አልታየህም? ያን ጊዜ ጥሩ ነው ብለኸኝ አልነበረም?"

"አትጩህ።"

"እጮኻለሁ! አራት መቶ ሰው ነው እዚህ ውስጥ ያለው! የጻፋችሁትን ስጡኝ እንጂ ምጽዋት አልጠየቅሁም!" ጮኸ። በአምስት ዓመት ውስጥ በሰው አገር ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው፤ ሐጃ ዘይነብም ከኋላው ተቀበለችው፤ ግቢው ሁሉ ተቀበለው፤ በሩን መደብደብ ጀመሩ። ያኔ ነው ነጩ ሥራ አስኪያጅ የወጣው። መጽሐፉን ተቀብሎ አገላበጠ፣ መንግሥቴን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ለጸሐፊው አንድ ነገር ተናገረ። ጸሐፊው መንግሥቴን ወደ ውስጥ አስገባውና በሩን ዘጋ።

"ዕድለኛ ነህ፣ ላንተ ይሰጥሃል። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ና፤ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ይመጣል። ከመኪናው ጋር ትነሳለህ፣ ኩባንያው ቃሉን አክብሮ ሰጠኝ ብለህ ትፈርማለህ። ለሚመጣው ዓመት ማስታወቂያ ይሆነናል።"

"ውጭ ያሉትስ?"

"ስለ ራስህ ተናገር።"

ስለ ራሱ መናገር ቢያውቅበት ኖሮ እዚህ ምን ያንከራትተዋል? መንግሥቴ በጎኑ ተገላበጠ፤ ገመዱ ሲጢጥ አለ። ይተወው? ትቶትስ? እነሐጃ ዘይነብ እሱ ስለተወው ያገኛሉ እንዴ? አያገኙም። ይውሰደው? ወስዶትስ፣ ፊቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሌላ ድሃ ሻይ ቤት ገብቶ ሲያየው፣ ይኼ ሰውዬ ያገኘውን እኔም አገኛለሁ ብሎ ሲለቅም ቢኖርስ? ያንን ሰው አያውቀውም። ይርገዱን ግን ያውቃታል። አሁን ወረታ ስልክ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከተማዪቱ ስልክ ካገኘች ዓመት አልሞላትም፣ ሰው ለማየት ብቻ ይሰበሰባል። እናቱ አጠገቧ ናት፣ የኔታም አሉ። ከማለዳ ጀምረው እህል ሳይቀምሱ ይጠብቁታል። እሱም አልቀመሰም። ሐጃ ዘይነብም በረመዳኗ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም፤ ያው ያ በር ላይ ፀሐይ ይመታታል።

"አትተኛም ወይ?" አለ አዛናው ከወዲያኛው አልጋ።

"አዛናው፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?"

"ምን ጥያቄ ነው? እወስዳለኋ! እንኳን ፎቶ፣ ጨፍር ቢሉኝ እጨፍራለሁ። ያቺ ልጅ ባንተ የተነሳ..." ብሎ ተወው። ነግሮት ያውቃል፤ አንድ ጊዜ፣ ወባ ሲጥለው፣ ሁሉንም ነግሮት ነበር። አዛናው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ይቅርታ አድርግልኝ። ብቻ ውሰደው።"

ያ "ባንተ የተነሳ" የሚለው ቃል ነው ከአልጋው ያስነሳው። ፊቱን ታጠበ፣ ነጩን ሸሚዝ ለበሰ። መንገዱ ይጋረፋል፤ ይሄዳል፤ እግሩ ይሄዳል እንጂ እሱ ገና አልቆረጠም፤ መንታ መንገዱ ላይ ስደርስ እቆርጣለሁ ይላል፣ መንታ መንገዱን አልፎ ዛፏ ጋ ስደርስ ይላል፣ እንዲህ እያለ የኩባንያው በር ላይ ደረሰ። ሰዉ ከትናንቱ ቀንሷል። ሐጃ ዘይነብ ከረጢቷ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። አየችው፣ ነጩን ሸሚዝ አየች፣ ሁሉም ገባት።

"ሊሰጡህ ነው?"

"ለእህቴ ነው፣ ሐጃ። እግሯ..."

"ነግረኸኛል። ውሰድላት፣ ማን ይከለክልሃል? ብቻ ቃላቸውን አክብረዋል አትበል። እኔ እዚህ እያለሁ አትበል።"

ጓሮው ውስጥ መኪናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ነው፣ በወርቅ ቀለም አበባ ተስሎበታል። መዘውሩን ነካው፤ ምንም ሳይንገጫገጭ ዞረለት፤ የይርገዱ እጅ ይህን ያዞረዋል፣ ያለ ችግር ያዞረዋል። ፎቶ አንሺው "ሳቅ በል" አለው። ሳቀ። ጸሐፊው መጽሐፉን ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ ወረወረው፤ የዋንዛው ገበታ ቋ ሲል መንግሥቴ ዞር አላለም፤ ከፎቶ አንሺው ጋር የመጣው ጋዜጠኛ በሩ ክፍት እንደሆነ ጮክ ብሎ "ኩባንያው ቃሉን አከበረ?" ብሎ ጠየቀው። መንግሥቴ "አከበረ" አለ። ፈረመ። ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ ሐጃ ዘይነብ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ቢሰደብ ደስ ባለው። እሷ ግን ቀና ብላ ሳታየው ከረጢቷን አንስታ ሄደች።

ፖስታ ቤት ሳጥኑን እግሩ ሥር አስቀምጦ ቁጭ አለ። ላብ ይወርደዋል። ኦፕሬተሩ ስሙን ጠራ፤ "ሦስት ደቂቃ" አለው። መጀመሪያ ጩኸት፣ ከዚያ የሌላ ሰው ወሬ፣ ከዚያ ነፋስ የመሰለ ነገር፣ ከዚያ፦

"ወንድምዓለም! አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ እታለም።"

"እኔ ልሙትልህ! ድምፅህ አልተለወጠም! አገኘኸው ወይ?"

"አገኘሁት። ይኸው እግሬ ሥር ነው።"

ከዚያ እልልታ መጣ፤ የእናቱ ነው፣ ከዚያ የብዙ ሴቶች፤ ስልኩ ሊሰነጠቅ ደረሰ። ይርገዱ እያለቀሰች "በረንዳውን ጠርጌዋለሁ፣ ዛሬ ማለዳ ጠርጌው መጣሁ" ትላለች። መንግሥቴ ጆሮው ላይ ያለውን ነገር በሁለት እጁ ጨብጦ ይስቃል፤ ይኸው ነው እንግዲህ፣ ይኸው ለዚህ ነው፣ ማን ይፈርድብኛል ይላል በልቡ። ከዚያ የኔታ ስልኩን ተቀበሏት።

"ልጄ፣ እንደምን ዋልህ? እግዚአብሔር ይመስገን። አንዲት ነገር ልጠይቅህ። የኔ መጠረዝ አላስቸገረህም? ከላክሁት ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ፤ ምናልባት በሰው አገር ወግ አይሆን ይሆናል፣ አበላሽቸባት ይሆናል እያልሁ።"

"ኧረ የለም የኔታ! እንዲያውም አደነቁልዎት።"

"አልተከራከሩህም?"

"አልተከራከሩኝም።"

"ቃላቸውን አከበሩ?"

"አከበሩ።" ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ቀለለው።

"ተባረክ። እንግዲያው ስማኝ። ጥሩብርሃንን ታውቃታለህ፣ ያች ባሏ ጎርፍ የወሰደባት፤ ለሷም እንዲሁ እናድርግላት ተብሎ አገሩ ተስማምቷል። በሚመጣውም ዓመት ይሰጣሉ ብሎ አቶ ማረው አውርቷል። ሰዉ በጉን፣ ኑጉን እየሸጠ ሻይ ሊገዛ ነው። እኔ ግን ቆዩ አልኋቸው፤ መንግሥቴ በዓይኑ ያየ ነው፣ እሱ ይበል አልኋቸው። እንሰብስብ ወይ?"

"አንድ ደቂቃ ቀረህ" አለ ኦፕሬተሩ።

"የኔታ... እሱን በደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ።"

"አይ ልጄ፣ ደብዳቤህ እስኪደርስ በጉ ገበያ ወጥቷል። ሰዉ ደጅ ቁሞ አፌን ይጠብቃል። አዎን ወይም አይሆንም በለኝ።"

አዎን ማለት ይችላል። አንዲት ቃል ናት፤ የዚህችን ቢጤ ዛሬ ሁለት ጊዜ ብሏል። ጥሩብርሃንን ያውቃታል፤ ሠርጓ ላይ ዘፍኗል። ገበያ የምትወጣዋን በግም ያውቃት ይመስለዋል።

"አይሆንም" አለ።

"ምን አልህ?"

"አይሆንም የኔታ። አትሰብስቡ። ለሰው ሁሉ ከልክለው ለኔ የሰጡኝ እንድዋሽላቸው ነው። የርስዎ መጠረዝ ሰበብ ነው የሆናቸው፣ ባይጠርዙትም ሌላ ያገኙ ነበር። ቃላቸውን አክብረዋል ብዬ ፈረምሁ። ፎቶ ተነሳሁ። የሌላውን ድሃ አይቼ ዝም አልሁ። ለርስዎም አሁን ዋሸሁ።"

እልልታው ከሩቅ ገና አላባራም።

"ይርገዱ አጠገቤ ናት" አሉ ቀስ ብለው። "ፊቴን እያየች ነው። ምን ልበላት?"

ኦፕሬተሩ እጁን አነሳ፣ አለቀ ሊል። መንግሥቴ ኪሱን በረበረ፤ ያለውን ሁሉ አውጥቶ መስኮቱ ላይ አኖረና በዓረብኛ "ሌላ ሦስት ደቂቃ" አለው። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

"ምንም አይበሏት፣ የኔታ" አለ። "ስልኩን ይስጧት። እኔው እነግራታለሁ።"